አንድ ንግድ፣ ሁለት ደብተር

ሒሳብ አያያዝ የሚባለውን ትምህርት ብዙ ሰው የግብር ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል። ነጋዴው ምን ያህል አተረፈ፤ ለመንግሥትስ ምን ያህል ይከፍላል፤ ይህ ከታወቀ በኋላ መዝገቡ ሣጥን ገብቶ ይቆለፋል። የንግድና የሒሳብ ትምህርት የምንከታተል የኩታበር ልጆች ግን ከቦረናና ከመካነ ሰላም ከመጡት ጓደኞቻችን ጋር በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም ደጋግመን ስንከራከር ወደ ሌላ አሳብ ደርሰናል። አንድ ማኅበር የሚከፍለው የግብር መጠንም ሆነ ደፍሮ የሚገባበት አደጋ የሚወሰነው በግብር ቢሮ መስኮት ላይ አይደለም። አስቀድሞ፣ መዝገቡን ማን ይጽፈዋል፣ ማንስ ገልጦ የማየት ሥልጣን አለው በሚለው ጥያቄ ይወሰናል። ይህን የምንለው ከመምህር ማስታወሻ ቀድተን ብቻ አይደለም፤ በሀገራችን ሱቅና ወፍጮ ቤት ያየነውም ስለሆነ ነው።

እንደሚታወቀው የሀገራችን የግብር ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠራል፤ ተማሪውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ወራት ለዕረፍት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሒሳብ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት በሐምሌ ጎረቤት ይበዛበታል። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ለግብር የምትሆን ደብተር ሥሩልኝ» ይሉናል ጋሼዎቻችን። ልብ በሉ፤ «ደብተሬን ሥሩልኝ» አይሉም። «ለግብር የምትሆን ደብተር» ነው የሚሉት። ሌላይቱ ደብተር፣ የዱቤውና የእውነተኛው ሽያጭ ደብተር፣ በስኳር ማዳበሪያ ተጠቅልላ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጣለች። እርስዋን የሚያያት ባለቤቱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነጋዴ ወዲያው ሌባ ብሎ መጥራት ለተማሪ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ያሳፍራል። በመጀመሪያ ሰውየው የሚኖርበትን ሁኔታ እንመልከት። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ተንታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ነጋዴዋ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ድንች፣ በግና ቆዳ ከገበሬው ይገዛና ወደ ደሴ ያወርዳል፤ ከደሴ ደግሞ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጨርቅ ይዞ ይወጣል። የሚያገኘው ከኩንታል ላይ ጥቂት ብር ነው። ዝናብ ሲበዛ ድንቹ ይበሰብሳል፤ ዋጋ ሲወርድ እህሉ ይከርማል። ገበሬውም በዱቤ ይወስድና ለመከር ይከፍላል፤ መከር ከከሸፈ ደግሞ ዱቤው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ይህን ሰው ሕጉ እንዴት አየው? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። የዓመት ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴ፣ ማኅበር ሆኖ የተቋቋመ ድርጅት ሁሉም ጭምር፣ በደረጃ «ሀ» ሙሉ መዝገብ እንዲይዝ ታዘዘ። ከ500 ሺሕ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ያለው በደረጃ «ለ» ቀለል ያለ መዝገብ ይይዝ ነበር። ከ500 ሺሕ ብር በታች ያለው በደረጃ «ሐ» ገብቶ በግምት ይከፍል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የሚባለው ሲወጣ የሆነውን የማያስታውስ ነጋዴ የለም። ገማቾች ወደ ሱቁ ገብተው የዕለት ሽያጩን ገመቱ፤ በዚያ ላይ ዓመቱን አባዙት። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ተቃውሞ ተነሣ። በየቦታው የተሰማው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነበር፤ «ያልሸጥሁትን ሸጥህ ተባልሁ» የሚል።

በኋላ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ሁለት አደረጋቸው፤ መለያውም 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ደግሞም ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚባል ነገር አመጣ። ይኸውም ከትርፍ የተሰላው ግብር ከዓመቱ ሽያጭ 2.5 በመቶ በታች ሆኖ ሲገኝ፣ ግብሩ ከሽያጩ ላይ እንዲከፈል የሚያደርግ ነው። ይህ ድንጋጌ የሚመለከተው አንድ የእህል ንግድ ማኅበር አለ እንበል። በዓመት 4 ሚሊዮን ብር ሽጦ 80 ሺሕ ብር ብቻ አተረፈ። በትርፍ ግብር ቢሆን በ30 በመቶ 24 ሺሕ ብር ይከፍል ነበር። በሽያጭ ሲሰላ ግን 100 ሺሕ ብር ይደርስበታል፤ ከትርፉ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን የምናነሣው መንግሥትን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ሕግ አውጪው እንዲህ ያለውን መንገድ የሚመርጠው፣ ከዓመት ዓመት «ከሠርሁ» የሚል መዝገብ እየቀረበለት መዝገቡን ማመን ስላቃተው ነው። የሐሰተኛው ደብተር ዋጋ በእውነተኛው ነጋዴ ላይ ወደቀ። ነጋዴው መዝገቤን አያምኑኝም ብሎ ይደብቃል፤ መንግሥት ይደብቃሉ ብሎ አያምንም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የነጋዴና የመንግሥት ጠብ ይመስላል። የኛ ክርክር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ደብተር ለመንግሥት ተብሎ ይጻፋል፤ የሚበላው ግን ባልንጀራን ነው።

በአካባቢያችን አራት ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የጭነት መኪና ገዙ። ስማቸውን አንጠራም፤ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። ማኅበር ሆነን ብንመዘገብ ሙሉ መዝገብ ይጠየቃል፣ ኦዲተር ይከፈላል ብለው ስለ ፈሩ መኪናው በአንደኛው ስም ሆነ፤ ፈቃዱም በርሱ ስም ወጣ። መሥራቱንም፣ ገንዘብ መቀበሉንም፣ መጻፉንም ለርሱው ተዉለት። ደግ ሰው ነው፤ ሁሉም ይወዱታል። በሐምሌም ተሰብስበው «አሳንሰህ ጻፈው» አሉት። እርሱም አሳንሶ ጻፈው፤ ተቀበሉለት፤ ማኅተም ተመታበት።

በሁለተኛው ዓመት የትርፍ ክፍፍል ሲደርስ ሰውየው ያችኑ ማኅተም ያለባትን ወረቀት አወጣ። «ያተረፍነው ይህን ነው፤ መንግሥት እንኳ ያመነበት ነው» አለ። ሦስቱ ጮኹ። «መኪናው ቀንና ሌሊት ሲመላለስ ከርሞ እንዴት ይህን ብቻ?» አሉት። እርሱም «አሳንስ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁምን?» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መዝገብ ቢጠይቁ የተገኘው ያው አንዱ ወረቀት ነው። ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ ቢሉ፣ ራሳቸው ያጻፉት ሐሰት ራሳቸውን ሊመሰክርባቸው ነው። መኪናው ተሸጠ፤ አራቱም በአንድ ለቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም።

ሰውየው በእርግጥ ሰርቆ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው። ሌባ ከሆነ የሚይዘው መዝገብ የለም፤ ሐቀኛ ከሆነም ሐቀኛነቱን የሚያስመሰክርበት መዝገብ የለውም። ሁለተኛው ደብተር ሌባውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውንም ይሸፍነዋል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህ የባላገር ነገር ነው፤ በሠለጠነው ዓለም እንዲህ የለም ይሉ ይሆናል። እንግዲህ ኤንሮን የተባለውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ እንይ። ይህ ድርጅት በሀገሩ ከታወቁት ግዙፍ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ለባለአክሲዮኖቹ በየዓመቱ ብዙ ትርፍ አገኘሁ እያለ ያወጅ ነበር፤ ነገር ግን ከ1996 እስከ 2000 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሉት አምስት ዓመታት በአራቱ ለፌዴራሉ መንግሥት የገቢ ግብር አልከፈለም። ለአንዱ «በለጸግሁ»፣ ለሌላው «የለኝም» ማለት ነው። ዕዳውን በሌላ ስም ባቋቋማቸው ድርጅቶች ውስጥ ደበቀ። መርማሪው አርተር አንደርሰን ከዚያው ኩባንያ ለምርመራም ለምክርም ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ነበርና አላጋለጠውም። ቦርዱም የዋናውን ገንዘብ ያዥ የጥቅም ግጭት እያወቀ ፈቀደለት። በታኅሣሥ 2001 በፈረንጆች፣ በኛ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ኤንሮን ከሠረ። ሠራተኞቹ ለጡረታ ያስቀመጡትን ገንዘብ አጡ። ከግብር ለማምለጥ የተሠራው ውስብስብ መንገድ ባለአክሲዮንንም ለማታለል አገልግሎአል፤ መንገዱ አንድ ነውና።

ነገሩን በሌላ ፊት ያዩም አሉ። ደሳይ፣ ዳይክና ዚንጋሌስ የተባሉ ሦስት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2007 በፈረንጆች ባሳተሙት ጥናት የሩሲያን ኩባንያዎች መረመሩ። እዚያ መንግሥት የግብር ቁጥጥሩን ባጠበቀ ጊዜ የአንዳንድ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ ከፍ አለ። ይህ ለጊዜው ያስገርማል፤ ግብር ሲበዛ የኩባንያ ዋጋ መውረድ አልነበረበትምን? ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። የግብር መርማሪው ሲመጣ፣ ሥራ አስኪያጆች በስውር ወደ ራሳቸው ኪስ ያሻግሩት የነበረው ገንዘብ መሸጋገሪያ አጣ። መንግሥት ድርሻውን ወሰደ፤ ተራው ባለአክሲዮንም ከቀረው ላይ የበለጠ አገኘ። የኩታበሮቹ ሦስት ባለመኪኖች ይህን ጥናት ባያነቡትም ትርጉሙን ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ስለ አደጋ እንነጋገር። በንግድ ቋንቋ አደጋ ማለት መኪና መገልበጥ ብቻ አይደለም፤ ነገ የማይታወቅ ሆኖ ሳለ ገንዘብን ማውጣት ሁሉ አደጋ ነው። አደጋ የማይነካ ንግድ የለም። ነገር ግን ማን ይደፍራል፣ በማን ገንዘብ ይደፍራል፣ ከከሸፈስ ማን ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው የማኅበሩ አስተዳደር ነው።

ቀላል ምሳሌ እናቅርብ። ሁለት ማኅበሮች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ብር ሥራ ላይ አውለው፣ ወለድ ሳይቀነስ 200 ሺሕ ብር አተረፉ። አንደኛው ገንዘቡ በሙሉ የባለቤቶቹ መዋጮ ነው፤ በ30 በመቶ 60 ሺሕ ብር ግብር ይከፍላል። ሁለተኛው ግማሹን በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮአል፤ 75 ሺሕ ብር ወለድ ከትርፉ ይቀነስለታል፤ ግብሩም በቀረው 125 ሺሕ ላይ 37,500 ብር ይሆናል። ወለድ ወጪ ነው፤ ለባለቤት የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ግን ወጪ አይደለምና። ስለዚህ ግብር ብቻውን ሲታይ ተበደር፣ ተበደር ይላል። የ2008ቱ አዋጅም ይህን አውቆ በውጭ ሰዎች የሚታዘዙ ኩባንያዎች ዕዳቸው ከካፒታላቸው ከሁለት እጅ ሲበልጥ በትርፉ ላይ ያለውን ወለድ እንዳያስቀንሱ ገደብ አበጅቶ ነበር። ነገር ግን ክፉ ዓመት ይምጣ፤ ትርፍ ይጥፋ። የመጀመሪያው ማኅበር ባዶ እጁን ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግን 75 ሺሕ ብሩን የግድ ይከፍላል፤ ካልቻለ መጋዘኑ በሐራጅ ይሸጣል። በግብር ያተረፋት 22,500 ብር ቤቱን አስከፈለችው። እንዲህ ያለውን ምርጫ አንድ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን ሲመርጥና ቦርድ ተቀምጦ «ክፉ ዓመት ቢመጣስ?» ብሎ ሲጠይቅ ውጤቱ አንድ አይደለም።

የኛ ሀገር ነጋዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠቃየው ከመጠን በላይ በመበደር አይደለም፤ መበደር ባለመቻሉ ነው። ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ መዝገብ አምጣ ይባላል። ለግብር የሠራትን ደብተር ቢያቀርብ፣ ይህን ያህል ብቻ የሚያተርፍ ሰው ብድሩን አይመልስም ተብሎ ይከለከላል። እውነተኛይቱን ቢያቀርብ ለግብር መሥሪያ ቤት እንዳትደርስ ይፈራል። ስለዚህ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፤ ወይም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቹ ትንሽ ሆነው መቅረትን ይመርጣሉ። ዕቃቸውን እንኳ በየዘመድ ቤት ከፋፍለው ያስቀምጣሉ፤ እንዳይታይ። ከግብር ለመሸሽ የተደበቀ ሀብት ከዕድገትም ይደበቃል።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2014 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ጦርነቱ ወደ ኩታበር፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደረሰ። ሱቅ ተዘረፈ፤ መጋዘን ተራቆተ። ሰላም ሲመለስ ነጋዴው የጠፋብኝ ይህን ያህል ነው ብሎ ለማሳየት ምን ያቅርብ? የ2008ቱ አዋጅ የአንድን ዓመት ኪሣራ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወደፊት አሻግሮ ከሚመጣው ትርፍ ላይ ማስቀነስን ይፈቅድ ነበር፤ ይህ ግን መዝገብ ላለው ነው። ከምናውቃቸው ነጋዴዎች አንዱ በመጋዘኑ ብዙ ኩንታል እህል ተወስዶበታል፤ ለግብር ባስገባት ደብተር ላይ ግን ያ እህል ኖሮ አያውቅም። ያልነበረ እህል ሊዘረፍ አይችልም። ሰውየው እየሣቀ ነው ያጫወተን፤ ሣቁ ግን አላሣቀንም።

እንግዲህ መንግሥትስ በበኩሉ ምን አድርጎአል? ሕጉን አሻሽሎአል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ፣ የአክሲዮን ማኅበርም በጠቅላላ ጉባኤ የተመረጠ ኦዲተር እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባላቱ ከ20 ካልበለጡ ኦዲተር እንዲሾም አያስገድድም ነበርና፣ ብዙ ቤተሰብ ይህን መንገድ መረጠ፤ ባልና ሚስት ሆነው ማኅበር መሠረቱ፤ ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ተቆጣጣሪውም አንድ ሰው ሆነ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቶ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲሠራባቸው አደረገ። የ2008ቱ የግብር አዋጅም ግብር የሚሰላው በነዚሁ ደረጃዎች ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ተነሥቶ እንዲሆን ደነገገ፤ ይኸውም አንድ ደብተር ይኑር ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ተመዘገበበት። አክሲዮኑን በገበያ የሚሸጥ ድርጅት ደብተሩን በአደባባይ ካልገለጠ ገዢ አያገኝም።

ነገር ግን መንግሥት ራሱ ባለንግድ ሲሆን ምን አደረገ? የስኳር፣ የባቡርና የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለብዙ ዓመታት ተበደሩ። አበዳሪውም ተበዳሪውም የአንድ መንግሥት ናቸው። በባንክ ሥራ ብድር ከ90 ቀን በላይ ሳይከፈል ከቆየ የተበላሸ ብድር ተብሎ መጠባበቂያ ሊያዝለት፣ ትርፍም ሊቀነስለት ይገባል። እዚህ ግን ዕዳው እየታደሰና ወደ ቦንድ እየተለወጠ በመዝገብ ላይ ሀብት መስሎ ኖረ። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ዕዳውን ተረከበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ንግድ ባንክን ለማጠናከር ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ጸደቀ። ቦንዱ ከየት ይከፈላል? ከግብር። በሐምሌ ሰልፍ ላይ የቆመው የኩታበር ነጋዴ ያላየውን፣ ያልመከረበትን አደጋ ይከፍላል ማለት ነው። ከነጋዴው አንድ ደብተር የሚፈልግ መንግሥት በራሱ ድርጅቶችም ቤት አንድ ደብተር ሊይዝ ግዴታው ነው። አለዚያ «ዓሣ ከጭንቅላቱ ይገማል» የተባለው ይደርስበታል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ መልካም አስተዳደር ከውጭ የምንበደረው ነገር ብቻ አይምሰለን። ወላጆቻችን በቅሬ ያውቁታል። በቅሬው ውስጥ ዳኛው አንድ ሰው ነው፤ ጸሐፊው ሌላ ነው፤ ገንዘብ ያዡም ሌላ። ገንዘብ ያዡ ያለ ዳኛው ፈቃድ አያወጣም፤ ጸሐፊው ገንዘብ አይነካም። ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ጮኽ ብሎ ይነበባል፤ ማንበብ የማይችሉት እናት እንኳ «ባለፈው ለድንኳን የወጣው የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለመቃብርና ለለቅሶ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለንግድ ስንዋዋል ግን ቁልፉንም፣ ገንዘቡንም፣ ብዕሩንም ለአንድ ደግ ሰው እናስረክባለን። የአራቱ ሰዎች መኪና የጠፋው ሰውየው ክፉ ስለነበረ ላይሆን ይችላል። ሦስት ሰው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለአንድ ሰው ስለሰጡት ነው።

አሁን የምንናገረው ስለ ራሳችን ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከኛ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ደመወዝ የምናገኘው ከአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ነው። እዚያም የሚጠብቀን ጥያቄ ጋሼዎቻችን በሐምሌ የሚጠይቁን ያው ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒዩተር መኖሩና ጠያቂው ከረባት ማሰሩ ብቻ ነው። «ለባንኩ ይህን፣ ለግብር ይህን፣ ለሽርካዎቹ ደግሞ ይህን አዘጋጅ» ይባላል። እምቢ የሚል ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ይህን አቅልለን አንናገርም፤ ከኛ መካከል ከወንድሞቹ ስንቅ ተቆርጦለት የሚማር አለና። ሆኖም እሺ የሚለው ምን እንደሚፈርም ይወቅ። ዛሬ በመንግሥት ላይ እንዲጽፍ ያዘዘው ሰው ነገ በሽርካዎቹ ላይ እንዲጽፍ ያዝዘዋል፤ ነገሩ የተገለጠ ዕለት ደግሞ «ጸሐፊው ነው» ይላል። ፊርማው የኛ ነውና።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን ሊሠራው የሚችል አንድ ሥራ እናሳስባለን። በክረምት ወደየሀገራችን ስንመለስ የሒሳብ ተማሪዎች በየወረዳው ተሰባስበን ለትንንሽ ነጋዴዎች ያለ ክፍያ መዝገብ አያያዝ እናስተምር፤ አንዲት ደብተር ብቻ፣ ዕለት በዕለት የምትጻፍ፣ ዱቤውም ብልሽቱም ያለባት። መቼም ያለ ምላሽ አይሆንምና፣ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶችም እንዲህ ያለ ደብተር ሲቀርብላቸው ግምታቸውን ትተው እንዲያዩት አብረን እንጠይቅ። አራትና አምስት ሆነው ገንዘብ ለሚያዋጡ ሰዎች ደግሞ እንደ ቅሬው ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ እንዲሾሙ፣ በየሦስት ወሩም ሒሳቡ በፊታቸው እንዲነበብ እንምከራቸው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ኩታበር ግን ፋብሪካ የላትም፤ የእህል ማከማቻ አክሲዮንም የላትም፤ ድንቹ በየዓመቱ በየጓሮው ይበሰብሳል። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም፤ በየቤቱ በየኪሱ አለ። የጠፋው አንዱ በሌላው ደብተር ላይ ያለው እምነት ነው። ያን እምነት በስብከት መልሰን አናመጣውም፤ ማንም ሰው ገልጦ ሊያየው በሚችል አንድ መዝገብ እንጂ። መዝገቡንም የምንጽፈው እኛ ነን።